ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው? በመኪና ውስጥ ዝቅ ያለ ቮልቴጅን ፈልጎ የማግኘት ሳይንስ

የኦምን ሕግ ያልተማረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይገኝም። ቮልቴጅ የጅረትና የሬዚስታንስ ብዜት መሆኑን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈናል፤ በፈተና ወረቀትም ላይ ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ጥያቄዎች ሠርተንበታል። ይሁን እንጂ ይህ አጭር ሕግ ከክፍል ወጥቶ የአንድን ሰው እንጀራ ሲታደግ የማየት ዕድል የሚገጥመን ከስንት አንዴ ነው። እኛ ግን አንድ ጊዜ ገጥሞናል፤ ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበውም ያንኑ ገጠመኝና በውስጡ ያለውን ሳይንስ ነው።

ያ ምሽት

ለመስክ ትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን ሄደን በኪራይ ሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ በመመለስ ላይ ነበርን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች ምሽቱ ይበርዳል፤ በዚያ ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሹፌሩ የፊት መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና የመስታወቱን ጉም የሚያጠፋውን ማራገቢያ በአንድነት አበራ። ጥቂት እንደ ተጓዝን የፊት መብራቱ እየቀላ፣ መጥረጊያውም እየተጎተተ መጣ። መንገዱ ጨለማ ነው፤ ዳሩም አይታይም። ሹፌሩ ማራገቢያውን ሲያጠፋው መብራቱ በመጠኑ ተመልሶ ደመቀ፤ መልሶ ሲያበራው ደግሞ ደከመ። ያን ጊዜ ይህን ምልክት ማናችንም ልብ አላልነውም።

በመጨረሻ ዳር ይዘን ቆምን። ሞተሩ ጠፋ፤ ቁልፉ ሲዞርም ጠቅ ጠቅ ከሚል ድምፅ በቀር ምላሽ አልነበረም። «ልጆች፣ ወርዳችሁ ግፉልኝ እንጂ ሌላ መላ የለኝም» አለን። በዝናብ ውስጥ ገፍተን አስነሳነው፤ ማራገቢያውን ዘግቶ፣ ከኋላ የደረሰ አንድ የጭነት መኪና በመብራቱ እየመራን፣ በእርጋታ አዲስ አበባ ገባን።

በመንገድ ላይ ሹፌሩ ችግሩ የቆየ መሆኑን አጫወተን። ከሁለት ወር በፊት መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሣ ሲለው ወደ አንድ ጋራዥ ወስዶት ነበር፤ «ዲናሞው ደኅና ነው፣ ባትሪው ሞቷል» ተባለና የዕቁብ ተራው በደረሰው ገንዘብ አዲስ ባትሪ ገዛ። ከአንድ ወር በኋላ ችግሩ ተመልሶ መጣ። ሌላ ጋራዥ ደግሞ «ባትሪው ደኅና ነው፣ ዲናሞው ነው የሞተው» አለው። ዲናሞ ለመግዛት ሊበደር በዝግጅት ላይ ሳለ ነው እንግዲህ እኛን ያሳፈረው። «ጋሼ፣ ከመበደርዎ በፊት አንድ ቀን ይስጡን፤ ቴስተር ከላብራቶሪ ይዘን እንመጣለን» አልነው። እሱም ሳቅ ብሎ «ከሰጣችሁኝ ግፊያ የበለጠ ምን ትጎዱኛላችሁ?» ሲል ተስማማ።

ሁለት ምንጮች፣ አንድ መረብ

ምርመራውን ከመግለጻችን በፊት የመኪናን የኤሌክትሪክ ሥርዓት በአጭሩ እንመልከት። በአንድ ተራ መኪና ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ ምንጮች አሉ። አንደኛው ባትሪው ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪን እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ሲሆን፣ ዛሬም በመኪኖቻችን ውስጥ ያለው በመሠረተ ሐሳቡ ያው ነው። በውስጡ ስድስት ክፍሎች በተከታታይ ተያይዘዋል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንደኛው ሰሌዳ ንጹሕ እርሳስ፣ ሁለተኛው የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሁለቱም በተበረዘ የሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራሉ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ሁለቱም ሰሌዳዎች ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ፤ አሲዱም ወደ ውኃነት ያደላል። አንዱ ክፍል ሙሉ በሆነ ጊዜ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ስድስቱ በአንድነት 12.6 ቮልት ይሆናሉ። «ባለ 12 ቮልት» የምንለው ባትሪ ልኩ 12 ቮልት ከሆነ፣ እንግዲያውስ ሙሉ ሳይሆን አብዛኛው ጉልበቱ ያለቀ ባትሪ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ በጋራዥ ቋንቋ «ዲናሞ» የምንለው፣ በትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር የሚባለው መሣሪያ ነው። ከሞተሩ ጋር በቺንጊያ ተያይዞ ይሽከረከራል። በመካከሉ የሚዞረው ክፍል በካርቦኖች በኩል በሚደርሰው አነስተኛ ጅረት ማግኔት ይሆናል፤ ይህ ማግኔት ሲዞር በዙሪያው በተጠመጠሙት ሦስት የሽቦ ጥቅሎች ውስጥ ተለዋዋጭ ጅረት ይፈጠራል። ባትሪው ግን የሚቀበለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ጅረት ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የሆኑ ዳዮዶች ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥታ ጅረት ይለውጡታል። ሬጉሌተር የሚባለው ክፍል ደግሞ የማግኔቱን ጅረት እየጨመረና እየቀነሰ ቮልቴጁን በ14 ቮልት አካባቢ ያጸናዋል።

በታሪክ ስንመለከተው፣ ባትሪ ከመኪና ጋር በጥብቅ የተሳሰረው እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ በቻርልስ ኬተሪንግ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይዞ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። ለረጅም ዘመን በመኪኖች ላይ ይሠራ የነበረው እውነተኛው ዲናሞ፣ ማለትም ቀጥታ ጅረት አመንጪው፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚሰጠው ኃይል እጅግ አነስተኛ ነበር። አስተማማኝና ርካሽ የሲሊከን ዳዮዶች ከተገኙ በኋላ ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 በቫሊያንት መኪናው ላይ አልተርኔተርን ይዞ መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በእኛ ጋራዦች የመሣሪያው ዓይነት ቢለወጥም ስሙ እስከ ዛሬ ዲናሞ ሆኖ ቀርቷል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ በዚሁ የተለመደ ስም እንጠራዋለን።

የሮቶው ምሳሌ

ባትሪው በራሱ 12.6 ቮልት ካለው ዲናሞው ለምን ከ14 ቮልት በላይ መስጠት አስፈለገው? ለዚህ ጥያቄ መልሱን በየቤታችን ጣሪያ ላይ እናገኘዋለን። የቧንቧ ውኃ ወደ ሮቶ የሚወጣው የመሥመሩ ግፊት ሮቶው ካለበት ከፍታ የሚመነጨውን ግፊት ሲበልጥ ብቻ ነው። ግፊቱ እኩል ከሆነ ውኃው በቧንቧው ውስጥ ቆሞ ይቀራል፤ ካነሰ ደግሞ መመለሻውን የሚከለክል ቫልቭ ከሌለ ሮቶው ራሱ ይጎድላል። ባትሪም እንዲሁ ነው። ወደ ውስጡ ጅረት የሚገባው ከውጭ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከራሱ ቮልቴጅ ሲበልጥ ነው፤ የጅረቱም መጠን የሚወሰነው በሁለቱ ልዩነት ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ሳለ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት የሚደርስ ልኬት ሲገኝ ለአብዛኞቹ መኪኖች ጤናማ ነው እንላለን። ከ13 ቮልት በታች ሲሆን ባትሪው ከሚያወጣው ያነሰ እያስገባ፣ ቀን በቀን እየጎደለ ይሄዳል።

ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚጎዳው ባትሪውን ብቻ አይደለም። የባለ ክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር እኩል በእኩል ሳይሆን ከሦስተኛ ፓወር በላይ በሆነ ፍጥነት ይለዋወጣል። በ14 ቮልት በሚገባ የሚያበራ የፊት መብራት በ12 ቮልት የሚሰጠው ብርሃን ወደ 60 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቮልቴጁ የቀነሰው በሰባተኛ እጅ ብቻ ሲሆን ከብርሃኑ ግን ከሦስተኛ እጅ በላይ ይጠፋል ማለት ነው። በዚያ የዝናብ ምሽት የመንገዱ ዳር የተሰወረብን በዚህ ምክንያት ነበር።

ሁለት ልኬቶች፣ ሁለት የተሳሳቱ ፍርዶች

በማግሥቱ ቴስተራችንን ይዘን ተገናኘን። መጀመሪያ ያደረግነው ግን መለካት ሳይሆን ማየት ነበር። ቺንጊያው አልላላም፣ አልተሰነጠቀም። የባትሪው ጫፎች ነጭና አረንጓዴ ዝቃጭ አልያዙም፤ ጠብቀውም ታስረዋል። ቁልፉ ሲከፈት የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት በራች፤ ሞተሩ ሲነሣ ጠፋች። ሹፌሩ ባትሪውን ሌሊቱን ከቻርጀር ጋር አሳድሮት ስለነበር ከጥቂት ሰዓት ዕረፍት በኋላ 12.5 ቮልት አሳየን። ሞተሩ ሲነሣ ልኬቱ ወደ 10.4 ወርዶ ወዲያው ተመለሰ። በመጠነኛ ሙቀት ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ካልወረደ ባትሪው ሸክሙን መሸከም ይችላል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ባትሪው ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና ማራገቢያ ጠፍተው ሳለ በባትሪው ላይ ለካን፤ 13.6 ቮልት ሆነ። ዝቅ ያለ ቢሆንም የሚያስደነግጥ አይመስልም። የመጀመሪያው ጋራዥ «ዲናሞው ደኅና ነው» ያለው በቀን ብርሃን፣ ያለ ሸክም ይህን የመሰለ ቁጥር አይቶ መሆን አለበት። ከዚያም የፊት መብራቱንና ማራገቢያውን አብርተን ሞተሩንም ከፍ አድርገን በዚያው ቦታ ስንለካ 12.6 ቮልት ሆነ። ሁለተኛው ጋራዥ «ዲናሞው ሞቷል» ያለውም ይህንኑ አይቶ ይመስለናል። ሁለቱም ባለሙያዎች የለኩት ትክክል ነበር፤ የተሳሳቱት ሁለቱም በአንድ ቦታ ብቻ ለክተው ስለ ሌላ ቦታ በመፍረዳቸው ነው። በባትሪው ጫፍ የሚታየው ቮልቴጅ ዲናሞው የሰጠው አይደለም፤ ከሰጠው ውስጥ የደረሰው ነው።

ሦስተኛው ልኬት

ቴስተሩን ወደ ዲናሞው ራሱ ወሰድነው። መብራቱና ማራገቢያው እንደ በሩ፣ በዲናሞው የመውጫ ብሎንና በራሱ የብረት ቀፎ መካከል ስንለካ 14.3 ቮልት አገኘን። ሞተ የተባለው ዲናሞ በሙሉ ጤንነት ይሠራል! እንግዲህ 14.3 ተልኮ 12.6 ብቻ ከደረሰ የቀረው 1.7 ቮልት በመንገድ ላይ አንድ ቦታ መቅረት አለበት። ጉስታፍ ኪርኾፍ እ.ኤ.አ. በ1845 ያስቀመጠው ሕግ እንደሚያስተምረን፣ በአንድ ዝግ የኤሌክትሪክ ዙሪያ ውስጥ የሚጨመረውና የሚጎድለው ቮልቴጅ ሁልጊዜ ይተካከላል።

የጠፋውን ለማግኘት ቴስተሩን በቀጥታ በመንገዱ ሁለት ጫፎች ላይ ማድረግ ይበቃል። አንዱን ጫፍ በዲናሞው መውጫ ብሎን፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አሳረፍን፤ 1.6 ቮልት። ከዚያም በባትሪው ኔጋቲቭና በዲናሞው ቀፎ መካከል ለካን፤ 0.1 ቮልት። ሲደመር 12.6 እና 1.6 እና 0.1 በትክክል 14.3 ይሆናል። ሒሳቡ ተዘጋ። የመመለሻው መንገድ፣ ማለትም በጋራዥ «ማሳ» የሚባለው የመኪናው ብረት አካል፣ ደኅና ነው፤ በደኅና መኪና እያንዳንዱ መንገድ በሸክም ጊዜ ከ0.2 ቮልት ብዙም የበለጠ ማስቀረት የለበትም። ጥፋቱ ያለው ከዲናሞው ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ በሚሄደው ወፍራም ሽቦ ላይ ነው።

ሽቦውን በዐይናችን ስንከተለው ከባትሪው አጠገብ ባለው የፊውዝ ሳጥን ሥር፣ የሽቦው ጫፍ በብሎን በታሰረበት ቦታ፣ ፕላስቲኩ ጠቁሮና ቀልጦ አገኘነው። ብሎኑ ላልቶ፣ የመዳብ ጫፉም በኦክሳይድ ተሸፍኖ ነበር።

የኦም ሕግ በዚህ ቦታ ብዙ ነገር ይነግረናል። ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት፣ በድምሩ 110 ዋት ይፈልጋሉ። ማራገቢያውን፣ የሞተሩን ማቀጣጠያና ትናንሽ መብራቶችን ስንጨምር ጠቅላላው ወደ 315 ዋት ይደርሳል፤ ይህም በ12.6 ቮልት ሲካፈል 25 አምፔር ገደማ ነው። 1.6 ቮልት ለ25 አምፔር ሲካፈል የዚያ የላላ መጋጠሚያ ሬዚስታንስ 0.064 ኦም ሆኖ ይገኛል። ተራ ቴስተር በኦም መለኪያው ይህን ያህል አነስተኛ ሬዚስታንስ በአስተማማኝ ሁኔታ ለይቶ ማሳየት አይችልም፤ «ሽቦው ደኅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጅረት እየፈሰሰ ሳለ ቮልቴጅን መለካት ብልጫው ይህ ነው።

ሙቀቱንም እናስላ። 1.6 ቮልት በ25 አምፔር ሲባዛ 40 ዋት ይሆናል። በላብራቶሪያችን ሽቦ የምንበይድበት የኤሌክትሪክ መበየጃ ኃይሉ ይህንኑ ያህል ነው። ፕላስቲኩ መቅለጡ ሊያስደንቀን አይገባም። ሙቀቱ መዳቡን ይበልጥ ኦክሳይድ ያደርገዋል፤ ኦክሳይዱ ሬዚስታንሱን ይጨምራል፤ የጨመረው ሬዚስታንስ ሙቀቱን ያባብሰዋል። በጊዜ ካልታረመ መጨረሻው የመኪና ቃጠሎ ሊሆን ይችላል።

አሁን በምሽቱ ያየነው ምልክት ትርጉሙ ግልጽ ሆነልን። ማራገቢያው ሲጠፋ ጅረቱ ቀነሰ፤ ጅረቱ ሲቀንስ በመጋጠሚያው ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ቀነሰ፤ ስለዚህ መብራቱ ደመቀ። በቀን፣ ያለ ሸክም፣ 10 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሚያልፍ የሚቀረው ከ0.7 ቮልት አይበልጥም፤ ባትሪውም 13.6 ያያል። ማታና በዝናብ ግን ጅረቱ ሲያይል ባትሪው ራሱ ጉድለቱን እየሞላ ይራቆታል። ሹፌሩ በቀን ብቻ በሠራባቸው ቀናት መኪናው ጠዋት በደኅና ይነሣ የነበረው፣ አምሽቶ በሠራ ማግሥት ደግሞ እንቢ ይለው የነበረው በዚህ ምክንያት ነበር።

የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጠን፣ አዲስ የመዳብ ጫፍ አስገጥመን፣ መገናኛውን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን አጠበቅነው። መልሰን በሙሉ ሸክም ስንለካ በፖዘቲቩ መንገድ የሚቀረው ወደ 0.2 ወርዶ በባትሪው ላይ 14.0 ቮልት ሆነ። ለጥገናው የወጣው ገንዘብ ሚኒባሱ በአንድ ቀን ከሚጠጣው ነዳጅ ዋጋ ያነሰ ነበር። ሹፌሩ ዲናሞ ለመግዛት ሊገባበት ከነበረው ዕዳ ዳነ። የዕቁቡ ገንዘብ ግን አልተመለሰም፤ ምናልባትም ምንም ያልነበረው አሮጌው ባትሪ አዲሱ በተገዛ ዕለት ለሻጩ ተሰጥቶ ነበር። «መጀመሪያ እንዲህ ሁለት ቦታ ቢለኩልኝ ኖሮ» አለ ቆም ብሎ። ከዚህ የተሻለ የምርመራ ትምህርት ልንጽፍ አንችልም።

ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሲሆን

ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ሁልጊዜ ከላላ መጋጠሚያ አይመነጭም። በራሱ በዲናሞው መውጫ ላይ በሸክም ጊዜ የሚለካው ቮልቴጅ ዝቅተኛ ከሆነ ፍለጋው ወደ ዲናሞው ይዞራል። የላላ ቺንጊያ ይንሸራተታል፤ ሸክም ሲበዛ ሲጮህም ይሰማል። ካርቦኖቹ ካለቁ ማግኔቱ ጅረት አያገኝም። ሬጉሌተሩ ሊበላሽ ይችላል። ከስድስቱ ዳዮዶች አንዱ ከተበላሸ ደግሞ ዲናሞው ጥቂት ኃይል መስጠቱን አያቆምም፤ ነገር ግን ከሚሰጠው ቀጥታ ጅረት ጋር ተለዋዋጭ ሞገድ ይቀላቀላል። ቴስተሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ መለኪያ አዙረን ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ ስንለካ ከግማሽ ቮልት የሚበልጥ ካሳየ ዳዮዶቹን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው የሚችለው ጅረት ከሙሉ አቅሙ በእጅጉ ያነሰ መሆኑንም መርሳት የለብንም። በአዲስ አበባ የመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ቆሞ፣ መብራቱንና ማራገቢያውን አብርቶ የሚውል መኪና ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ባትሪው ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ምርመራው የሞተሩን ዙር በደቂቃ ወደ 2,000 ከፍ አድርጎ መደረግ አለበት።

ባትሪው ራሱ ሲጠረጠር፣ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ የሚለካው ቮልቴጅ የሙላቱን መጠን ይነግረናል። 12.6 ሙሉ፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ ነው። መኪናው ገና ከመንገድ የገባ እንደሆነ በሰሌዳዎቹ ገጽ ላይ የቀረው ሙል ልኬቱን ከእውነቱ ከፍ ያደርገዋል፤ የፊት መብራቱን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ አብርቶ ማጥፋት፣ ከዚያም ጥቂት ቆይቶ መለካት ይህን ያርመዋል። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ የአሲዱን እፍጋት በሃይድሮሜትር መለካት ይበልጥ ይረዳል፤ ሙሉ በሆነ ጊዜ ከውኃ 1.27 እጥፍ ገደማ፣ ባዶ ሲሆን ወደ 1.12 እጥፍ ይጠጋል። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ተለይቶ ዝቅ ካለ ያ ክፍል ታሟል ማለት ነው። ባዶውን ለሳምንታት የተቀመጠ ባትሪ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ብናኝ ወደ ትላልቅና ጠንካራ ክሪስታሎች ይለወጥበታል፤ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። እንደ አፋር ባሉ ቆላማ ቦታዎች ደግሞ ሙቀቱ የኬሚካል ሂደቶቹን ያፋጥናል፣ ውኃውንም ያሳጣል፤ የባትሪም ዕድሜ ያጥራል።

ሁሉም ነገር ደኅና ሆኖ ባትሪው ሌሊት ሌሊት ካለቀ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ጅረት የሚጠጣ አንድ ነገር አለ። ኔጋቲቩን ገመድ ፈትቶ በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል የጅረት መለኪያ ማስገባት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች እስኪያርፉ ድረስ እስከ አንድ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈስሰው ለአብዛኞቹ መኪኖች ከ50 ሚሊአምፔር መብለጥ የለበትም። በዕቃ መጫኛ ውስጥ ሳይጠፋ የሚያድር አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል 0.4 አምፔር ገደማ ስለሚወስድ፣ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪን በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ፊውዞቹን ተራ በተራ እየነቀሉ ጅረቱ የሚወርድበትን መሥመር መለየት ይቻላል። መለኪያው ተያይዞ ሳለ ግን ቁልፉን ማዞር አይገባም፤ ሞተሪኖው የሚስበው በመቶ የሚቆጠር አምፔር ቴስተሩን ያቃጥለዋል።

ፈጽሞ የማይደረግ

በአንዳንድ ቦታ ዲናሞን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መፍታት የተለመደ ነው፤ «ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» ይባላል። ይህ ልማድ በድሮው ዲናሞ ዘመን ያን ያህል ጉዳት አያደርስ ይሆናል። ዛሬ ግን ባትሪው የቮልቴጅ መናወጥን የሚያለዝብ ትልቅ ማረፊያ ነው፤ በድንገት ሲነሣ ሬጉሌተሩ እስኪደርስ ድረስ ባለው ቅጽበት ቮልቴጁ በብዙ አሥር ቮልት ሊዘልና ዳዮዶቹን፣ እንዲሁም የመኪናውን ኮምፒዩተር ሊያቃጥል ይችላል። አንድ ቴስተር ከአንድ ኮምፒዩተር እጅግ ይረክሳል።

ኃይል እየተሞላ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል፤ ስለዚህ በአጠገቡ ክብሪት፣ ሲጋራና የሚፈነጥቅ ሽቦ አይፈቀድም። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ማውለቅ፣ ነጠላንና ረጅም ፀጉርን ከሚዞሩ ቺንጊያዎች ማራቅ ያስፈልጋል። አሲድ ቆዳ ወይም ዐይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ዐይን ከሆነም ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግዴታ ነው።

ነገም የማያረጅ ትምህርት

በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚወስነው የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ባትሪው ሙሉ በሆነ ጊዜ ቮልቴጁን ሆን ብሎ ወደ 13 አካባቢ ሊያወርደው፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በእነዚህ ላይ አንድ ዝቅተኛ ቁጥር አይቶ መፍረድ ስሕተት ነው፤ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ በጎዳናዎቻችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተበራክተዋል። እነዚህስ ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው? አይደሉም። በመቶ የሚቆጠር ቮልት ካለው ትልቁ ባትሪ ሌላ፣ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች በ12 ቮልት አካባቢ የሚሠራ ትንሽ ባትሪ አላቸው። መብራቶቹን፣ ኮምፒዩተሮቹንና ትልቁን ባትሪ ከመረቡ ጋር የሚያገናኙትን ማብሪያዎች የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ዲናሞ ስለሌላቸው ትንሹን ባትሪ የሚሞላው ቮልቴጅ ቀናሽ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ትንሹ ባትሪ ካለቀ ትልቁ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይንቀሳቀስም። ብርቱካንማ ሽፋን ያላቸውን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች ልዩ ሥልጠና የሌለው ሰው ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ በትንሹ ባትሪ በኩል ያለው የምርመራ ስልት ግን ያው ነው። ከምንጩ ምን ያህል ተላከ? ለተቀባዩ ምን ያህል ደረሰ? ልዩነቱስ የት ቀረ?

ውድ አንባብያን፣ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከመኪናም አልፈው ይሄዳሉ። በቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ የሚፈዝ ከሆነ፣ ወይም የአንድ ሶኬት ክዳን በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ፣ በሚኒባሱ ፊውዝ ሳጥን ሥር ያየነው ዓይነት ችግር በግድግዳችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የቤት መሥመር ሕይወት የሚያጠፋ ቮልቴጅ ስላለው በእጃችሁ አትንኩት፤ ያያችሁትን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ በዝርዝር ንገሩ። የትኛው ዕቃ ሲበራ የትኛው እንደሚደክም የሚናገር ደንበኛ የባለሙያውን ግማሽ ሥራ ሠርቶለታል። ያ ሹፌርም ከዚያ ወዲህ መኪናው ሲያስቸግረው ወደ ጋራዥ ገብቶ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ቦታ ለካችሁ?» የሚል ሆኗል።